የድልድይ ቅርጫ

በእኛ ሰፈር ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰው አይደለም፣ ንፋስ ነው። «ንፋሱ እንዴት አደረ?» ይላል አንዱ በረንዳ ላይ ቆሞ ጥርሱን እየፋቀ። «ዛሬስ ደህና ነው፤ ትናንት ግን ተነሥቶብኝ ስጨነቅ ዋልኩ» ይለዋል ሌላው። የሚያወሩት ስለ ኮምቦልቻ ንፋስ እንዳይመስላችሁ። የኮምቦልቻ ንፋስ ፌስታል ከማብረር በቀር ጥፋት የለበትም። ባሕር ማዶ፣ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚተሳሰርበት ከተማ ውስጥ፣ ሰውየው የፈረመበት ፎቅ ቆሟል፤ የሚጠየቀው የዚያ ንፋስ ነው። ከእኔ ቤት በታች የሚኖረው ኢንጂነር ፎአድ ደግሞ ጭንቀቱ ጎርፍ ነው። በዐይኑ አይቶት የማያውቅ ወንዝ በሞላ ቁጥር ምሳ አይበላም። ሚስቱም «ወንዝህ ዛሬ እንዴት ነው?» ሳትለው ድስት አትጥድም።

እኔ ፌቨን እባላለሁ፤ ለሰፈሩ እትዬ ፌቨን ነኝ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ በመዳፌ ፊርማ ምንም ነገር አይቆምም፤ በዚህ ሰፈር እንደዚያ ያለ መዳፍ ያላት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላው ሁሉ ኢንጂነር ነው። ከታች ቆማችሁ «ኢንጂነር!» ብላችሁ ብትጣሩ መስኮቱ በሙሉ ይከፈታል፤ ልብስ የምታሰጣዋም «አቤት» ትላለች።

ሥራቸው መዳፋቸውን መስተዋት ላይ አሳርፈው መፈረም ነው። ፎቁንም ድልድዩንም ማሽን ይነድፈዋል፣ ማሽን ይገነባዋል። ማሽን ግን አይታሰርም። የባሕር ማዶ ሕግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግንባታ አንድ የሚታሰር ሰው ይፈልጋል፤ የተማረ፣ ፈቃድ ያለው፣ መዳፉን ያሳረፈ። የአገሩ ልጆች ይህን ሥራ ትተውት ከሸሹ ቆይተዋል። እኛ ጋ ደግሞ ኢንጂነር ሞልቶ ተርፏል። ሬዲዮ «የቴክኒክ አገልግሎት ኤክስፖርታችን ቡናን በለጠ» ያለ ቀን ሰፈሩ ጨፍሯል። እኔም ጨፍሬያለሁ፤ ምን ያስዋሸኛል።

የተፈረመበት ነገር ሲወድቅ ነጭ መኪና ይመጣል። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ሻንጣ እስኪታሰር ይጠብቃሉ፣ ሻይ ከቀረበላቸው ይጠጣሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለትም ተምረዋል። ከዚያ ፈራሚውን ይዘው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳሉ። የሄደ ሰው ሲመለስ አላየንም። የዚያ አገር ፍርድ ረጅም ነው ይባላል።

ሥራው በየወሩ መግቢያ ላይ በጅምላ ይመጣል። የትኛው እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። ድሮ ሥራውን የሚልከው ድርጅት ራሱ ነበር የሚያድለው፤ «ለእገሌ አጫጭሩ፣ ለእኔ ረጃጅሙ» እየተባለ ሰፈሩ ሊባላ ደረሰ። ኋላ ሰብሳቢያችን ኢንጂነር ሙባረክ መላ አመጣ።

«ምን ያጣላናል?» አለ። «ቅርጫ እናውቅ የለም እንዴ?»

በሬ ተካፍሎ የበላ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኮሚናሉ ወለል ላይ ላስቲክ ይነጠፍና የግንባታዎቹ ሥዕል መደብ መደብ ሆኖ ይደረደራል። ፎቁን ሻኛ ይሉታል፣ ዋሻውን አጥንት፣ ድልድዩን ጎድን፣ ሊፍቱን ጨጓራ። ግድብ ያለበት መደብ ለብቻው ይቀመጣል፤ የሳሳው ላይ ሁለት ሦስት ጨጓራ ጣል ይደረግበታል፣ እንዲመጣጠን። ኮሚናሉ ድሮ በሬ የሚታረድበት ስለነበር የደሙ መውረጃ ቦይ እስከ ዛሬ መሐል ለመሐል ያልፋል። ሁሉም ምልክቱን ለእኔ ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የብዕር ክዳን፣ አንዱ የቤት ቁልፍ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ በየመደቡ ላይ እጥላለሁ። «ዙሩ» እላለሁ። ይዞራሉ። የደረሰህ ደረሰህ ነው፤ መለዋወጥ ነውር ነው።

እኔን የመረጡኝ ድርሻ ስለሌለኝ ነው። በሥጋው ቅርጫ እንኳ ሙስሊሙ ለብቻው፣ ክርስቲያኑ ለብቻው ነበርን፤ ይኸኛው አንድ አደረገን። ኮንክሪትን ማን ባርኮ እንዳረደው አይጠየቅም።

ምልክቱ ከወደቀ በኋላ ሁሉም መደቡን ይዞ ይወጣና መዳፉን ያሳርፋል። የሚያነብ የለም። «ማሽኗ ሠርታዋለች» ነው ቃሉ። ቅርጫው እኩል ከተከፈለ ሥጋው የተበላሸ አይመስላቸውም።

አስካለ ግን ታነባለች። አስካለ ከእኔ በላይ ያለው ቤት ውስጥ ከአባቷ ከጋሽ ኢዮስያስ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። (ሽማግሌዎቹ ኢዮስያስና ፌቨን፣ ወጣቶቹ አስካለና ይመናሹ፤ ስምም እንደ ቀሚስ ዞሮ ይመጣል።) በጥቅምቱ ቅርጫ የእግረኛ ድልድይ ደረሳት። ሌላው ሰው ፈርሞ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ሲነሣ እሷ ገና ታነባለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኔ ደረጃ ስጠርግ ሙባረክን ኮሚናሉ በር ላይ አቆመችው።

«ጋሽ ሙባረክ፣ ይሄ ድልድይ ይወድቃል።»

«ሁሉም ይወድቃል አስኩዬ። እኔስ መች እቀራለሁ?»

«አልቀለድኩም። ገመዱ ብርድ አይችልም። አሁን ምንም አይሆንም፤ ክረምታቸው ሲጠነክር ይበጠሳል።»

ሙባረክ ዙሪያውን ቃኘ። እኔን አየ፣ መጥረጊያዬን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለማን ነገርሽ?»

«ለድርጅቱ ጻፍኩላቸው።»

«ያ ረቢ! ምን አሉሽ?»

«አመሰገኑኝ። ማሽኗ አትሳሳትም፤ ፈራሚዎቹ ካልተመቻቸው ሥራውን ወደ ሌላ አገር እናዛውራለን አሉ።»

«ሥራውን ማለት ድልድዩን?»

«የሰፈሩን በሙሉ።»

ከሰዓት በኋላ ሰው ኮሚናሉ ውስጥ ተሰበሰበ። አስካለ እንቢ ካለች ሁሉም ከሥራ ውጭ ነው፤ እሺ ካለች ነጩ መኪና የሚመጣው ለእሷ ነው። ሁሉም ያንን ቦይ ቁልቁል ያያል። በዚህ መሐል ጋሽ ኢዮስያስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ገቡ። ልባቸው ደክሟል፤ ፈቃዳቸው ግን አልተሰረዘም።

«አንድ ቤት አንድ መደብ ነው» አሉ ሳይቀመጡ። «የልጄን እኔ እፈርማለሁ። ሐኪሙ ገናን አትደርስም ብሎኛል። ብርዱ የሚብሰው ደግሞ ከገና በኋላ ነው አላችሁ። ሬሳ ሲከሰስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሰዉ ተነፈሰ። «አቦ ዕድሜ ይስጥዎ!» ያለም ነበር፤ ምን እንዳለ ሲገባው አንገቱን ደፋ።

«አባዬ» አለች አስካለ፣ «እዚያስ ሰው የለም ወይ?»

«የት?»

«ድልድዩ ላይ። የሚሻገር ሰው የለም?»

ሁሉም እንደገና ወደ ቦዩ አቀረቀረ። ክፋት አይደለም። ያን ያህል ዘመን ሲፈረም እንዲህ ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ መልሱ የማን ድርሻ እንደሆነ አይታወቅም። ጋሽ ኢዮስያስ በዚያው መዳፋቸውን አሳረፉ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ለጋሽ ኢዮስያስ ያላደረገው የለም። ሾርባው በየተራ ይወጣል። የፎአድ ሚስት የምትሠራው የቅልጥም ሾርባማ ከታች ሲሸት የእኔን ሆድ ያስጮኻል። ልብስ የሚያጥብላቸው፣ ፀሐይ ላይ የሚያወጣቸው፣ ጢማቸውን የሚላጫቸው ሰው ሞላ። የሚሞት ሰው እንዲህ ከተንከባከቡት ምን እንደሚሆን ኢንጂነሮቹ አላሰቡትም፤ ጋሽ ኢዮስያስ ዳኑ። በኅዳር ግድግዳውን ለቀቁ። በታኅሣሥ ደረጃውን ብቻቸውን ወረዱ።

ያኔ ነው ሰላምታው የተበላሸው። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ይሏቸዋል ዐይናቸውን ፊታቸው ላይ ተክለው።

«ደህና። ይቅርታ» ይላሉ እሳቸው።

መጀመሪያ ተሳቀበት። ገና ካለፈ በኋላ የሚስቅ ቀነሰ። ሾርባውም ቀጠነ፤ ቅልጥሙ መጀመሪያ ወጣ፣ ቀጥሎ ሥጋው። አንድ ቀን ድንች ይዤላቸው ብወጣ «ፌቨን፣ እኔና ድልድዩ እሽቅድምድም ላይ ነን» አሉኝ። «ሰፈሩ የማንን መቅደም እንደሚጸልይ አውቃለሁ። አንቺስ?»

«እኔ ድንቹን እንዲበሉ ነው የምጸልየው» አልኳቸው።

ድልድዩን ያየሁት ያኔ ነው። ፈራሚ የራሱን ድልድይ ማየት ይፈቀድለታል፤ ጠይቆ የሚያውቅ ስለሌለ ነው እንጂ። አስካለ የድልድዩን የቀጥታ ምስል ግድግዳው ላይ አብርታላቸዋለች። ነጭ አገር ነው፣ ሁሉ ነገር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቀጭን ድልድይ፣ ከሥሩ ጥቁር ውኃ። ሰዎቹ አንገታቸውን ቀብረው ያልፋሉ። ጋሽ ኢዮስያስ ስም አውጥተውላቸዋል። ቀይ ኮፍያ የምታደርገዋ ወፍራም ሴትዮ ትዕግሥት ናት፣ ቀስ ስለምትል። መሐል ላይ ቆሞ ለወፎች ፍርፋሪ የሚበትነው ሽማግሌ ደግሞ «ጓደኛዬ» ነው።

«ዛሬ ትዕግሥት ዘገየች» ይሉኛል። «ጉንፋን ይዟት ይሆን?»

ከጥምቀት በኋላ በረዶው ጠነከረ። አስካለ ገመዱን በጣቷ እያሳየች «እዚህ ጋ ላልቷል» አለች። እኔ ምንም አልታየኝም። ጋሽ ኢዮስያስ ግን አዩ። «ፊርማዬን ላነሣ ነው» አሉ።

እንደሱ ያለ ነገር አለ። ፈራሚው መዳፉን መስተዋቱ ላይ ዳግመኛ አሳርፎ ፊርማውን ካነሣ ድልድዩ ሁለቱ ጫፍ ላይ ይቆለፋል፤ እስከሚቀጥለው ቅርጫ ድረስ ማንም አይሻገርም። መዳፉን ያነሣ ሰው ግን ወይ ሲፈርም ዋሽቷል፣ ወይ አሁን ዋሽቷል፤ ባንዱ ይከሰሳል። የሚመረመረው ሰውየው ነው። ድልድዩ አይመረመርም፤ ማሽኗ ሠርታዋለች።

«አባዬ፣ እባክህ» አለች አስካለ። «ትንሽ ብትቆይ...»

«ብቆይ ምን? ጨርሺዋ።»

ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። እሳቸው ከራሷ በላይ ግድግዳውን ያያሉ። ሽማግሌው ለወፎቹ በትኖ እስኪያበቃ፣ ተሻግሮ እስኪወጣ ጠበቁ። ሰው መሐል ላይ እያለ ከተቆለፈ በሁለቱም በኩል መውጫ የለውም። ድልድዩ ባዶ ሲሆን መዳፋቸውን አሳርፈው ፊርማቸውን አነሡ። እዚያ ቀይ መብራት በራ። ትዕግሥት በሩ ጋ ደርሳ ገፋ ገፋ አደረገችው፣ ሰማይ ሰማይ አየች፣ ተመለሰች። ስትሄድ የምትሳደብ መሰለኝ።

«ስደቢኝ የእኔ እናት» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ።

ነጩ መኪና በማግስቱ መጣ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ሻያቸውን ጠጡ። ጋሽ ኢዮስያስ ኮታቸውን ሊለብሱ ብለው እዚያ ሙቅ ልብስ እንደሚሰጣቸው ሲነገራቸው ለልጃቸው ተዉት። በር ላይ ሲደርሱ ዞረው «ፌቨን፣ ለእድሩ ንገሪያቸው» አሉኝ። «ድንኳን እንዳያወጡ። እኔ አልሞትኩም።»

እውነትም አላወጡም። ሴቶቹ ለቅሶ ይሁን ጥየቃ ሳይገባቸው፣ ግማሹ በነጠላ ግማሹ በሹራብ ሆነው እላይ ቤት ገቡ፤ «እግዜር ያጥናሽ» ይሉና «ማለቴ፣ ያስፈታልሽ» ይላሉ።

የካቲት ሲገባ አዲሱ ሥራ መጣ። ላስቲኩ ላይ ሥዕሎቹን ስደረድር ከመሐላቸው አንዱ የእግረኛ ድልድይ ነው። አረንጓዴ ተቀብቷል፣ ስሙም ተቀይሯል። ሥሩ ያለው ጥቁር ውኃ ግን ያው ነው። ሙባረክ ከጀርባዬ መጥቶ ቆመ። አየ። እኔንም አየኝ።

«ቆንጆ ቀለም ነው» ብሎ ወጣ።

ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሁሉም ግን አወቀ። በማግስቱ የፎአድ ሚስት እንቁላል አመጣችልኝ። እኔና እሷ በጠራራ ፀሐይ በገመድ ጉዳይ የምንጣላ ሰዎች ነን፤ ልብሷን የእኔ ገመድ ላይ ስለምታሰጣ። ከሰዓት ሌላ እንቁላል መጣ። ሙባረክ የማር ማሰሮ ይዞ ወጣ። «ከወንድሜ ነው፣ ከቦረና፤ ለብቻዬ አይበላልኝም።» ደረጃ ላይ ንፋሱን መጠየቅ ቀረ። «እትዬ ፌቨን፣ እጅዎ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። እጄ ታሞ አያውቅም።

የፈለጉትን አውቃለሁ። ምልክታቸውን ስንት ጊዜ ጨብጬዋለሁ? ዐይኔን ጨፍኜ የፎአድን ጠጠር ከይመናሹ ጠጠር እለየዋለሁ። ከዚህ በፊት መለየቱ ለማንም አይጠቅምም ነበር።

የቅርጫው ቀን ጠዋት አስካለ ወረደች። ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ እንቁላሎቹ አጠገብ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ለእኔ ይጣሉልኝ።»

«ምኑን?»

«ያውቁታል ምኑን።»

«አብደሻል እንዴ? እንቢ በይ እንጂ!»

«እንቢ ካልኩ በዚያው ቀን ለሌላ አገር ሰው ይሰጣል። ሌላው ይፈርማል፣ ድልድዩ ይከፈታል። እኔ ግን ፈርሜ ወዲያው ባነሣው እስከ መጋቢት ይቆለፋል። እስከዚያ በረዶው ይቀልጣል።»

«የሚመጣው ዓመት በረዶስ?»

«ያኔ ደግሞ ሌላ ሰው ያንብበው» አለችና መዳፌን ከፍታ አንድ ነገር አስቀመጠችበት። የአባቷ ኮት አዝራር ነው፤ ክሩ ገና ተንጠልጥሎበታል።

ኮሚናሉ ውስጥ ሥዕሎቹ ተደረደሩ፣ ምልክቶቹ እጄ ላይ ተሰበሰቡ። ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አስካለ ብቻ አላዞረችም። የሙባረክ የብዕር ክዳን እጄ ላይ ከበደኝ። የድልድዩ መደብ ላይ ብጥለው የሚጠይቀኝ የለም፤ ማሩንም እመልስለታለሁ። ነገር ግን ሙባረክ ይፈርማል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ ትዕግሥትም ኮፍያዋን አድርጋ ትመጣለች። እጄን ስዘረጋ አስካለ ጭንቅላቷን ነቅነቅ አደረገችልኝ፤ ልጅ ሳለች ዳቦ ልግዛልሽ ስላት እሺ የምትለው እንደዚያ ነበር።

አዝራሩ ጥቁሩ ውኃ ላይ ዐረፈ።

«ዙሩ» አልኩ።

ዞሩ። ትንፋሻቸው አንድ ላይ ሲወጣ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሙባረክ። «ማለቴ... አይዞሽ፣ አስኩዬ።»

የፎአድ ሚስት ቀድማ ደረሰችባት። እጇን ያዘቻት። «ዛሬ እንዳታበስዪ፣ የእኔ ቆንጆ» አለቻት። «የቅልጥም ሾርባ አመጣልሻለሁ።»

ወደ ላይ አብሬያት ወጣሁ። ግድግዳው ላይ በረዶው ይወርዳል። ሁለቱም በሮች ጋ ሰው ተሰብስቦ ቆሟል፤ ይከፈታል ተብሎ ተነግሯቸው ይሆናል፣ አበባ የያዘም አለ። አስካለ እነሱን ስታይ ትንሽ አመነታች። ከዚያ መዳፏን አሳረፈች። አረንጓዴ በራ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ሰዉ እያጨበጨበ ገባ።

«አሁን አንሺው!» አልኳት።

«መሐል ላይ ናቸው እትዬ። ባዶ ይሁን።»

ዳግመኛ ልታሳርፈው መዳፏን ከመስተዋቱ በላይ አንሳፍፋ ይዛ ጠበቀች። የመጀመሪያዎቹ ተሻግረው ወጡ፤ ከወዲያኛው ጫፍ ሌሎች ገቡ። እነሱ ሊወጡ ሲሉ ሕፃን የያዘች ሴት ገባች። ሽማግሌው ፍርፋሪውን ይዞ መጥቶ መሐል ላይ ቆመ፤ ብዙ ቀን ያላያቸው ወፎች ከበቡት። ድልድዩ ባዶ የሚሆንበት ትንፋሽ ታክል ጊዜ አልተገኘም። አስካለ ዐይኗን ከአንድ ቦታ አልነቀለችም፤ ገመዱ ላይ ነው። መላላቱ አሁን ለእኔም ታየኝ።

ቀይ ኮፍያዋ ብቅ አለች። እንደ ልማዷ ቀስ ብላ፣ በአንድ እጇ አጥሩን ይዛ።

«ቶሎ በዪ እንጂ፣ ትዕግሥት» አለች አስካለ። «በናትሽ፣ ቶሎ በዪ።»

ክንዷ ሲዝል ከሥር ደገፍኩላት። በሩ ተንኳኳ። ሾርባው ደርሷል።